ሙሉውን ሰነድ ወይስ የሚፈለገውን ገጽ ብቻ?
ከኮምፒዩተር ላይ ገጽ መርጦ ስለማተም ለነጋዴው የቀረበ ትምህርት

ከጎፋ ማዞሪያ ተነስቶ ወደ ጎፋ ገብርኤልና ወደ መብራት ኃይል ሰፈር የሚዘልቅ ሰው «ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ስካን» የሚል ማስታወቂያ የለጠፉ ጠባብ ሱቆችን ያገኛል። የእነዚህ ሱቆች ደንበኛ ተማሪው ብቻ አይደለም። የብረታ ብረት ሠራተኛው፣ የእንጨት ሥራ ባለሙያው፣ የጽሕፈት መሣሪያ አቅራቢውና አነስተኛው ተቋራጭም ፍላሽ ይዞ ወይም ሰነዱን በቴሌግራም ልኮ ይመጣል። በተለይ ጨረታ ሊዘጋ አንድና ሁለት ቀን ሲቀረው ሱቁ ይጨናነቃል። ታዲያ አብዛኛው ደንበኛ የሚናገረው ቃል አንድ ነው፤ «ሙሉውን አውጪልኝ» ይላል።

«ሙሉውን» የምትለው ቃል ዋጋ አላት። ይህ ጽሑፍ ያን ዋጋ ለመቀነስ ይረዳል፤ ከዚያ የበለጠ ግን መርጦ ማተም ራሱ ሊያስከትል ከሚችለው ጉዳት ለመጠበቅ የተዘጋጀ ነው። ምክንያቱም ከሚያስፈልገው በላይ ያተመ ነጋዴ ጥቂት ብር ያጣል፤ የሚያስፈልገውን አንድ ገጽ የዘለለ ነጋዴ ግን ጨረታውን ያጣል።

ወጪው ወደ ተጫራቹ ተዛውሯል

ቀደም ሲል የጨረታ ሰነድ የሚሸጠው ተባዝቶና ተጠርዞ ነበር። ተጫራቹ ገንዘቡን ከፍሎ ደረሰኙን ይዞ ጥራዙን ይቀበላል። የማባዣው ወጪ የአውጪው መሥሪያ ቤት ነበር። ዛሬ ብዙ መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና የግል ድርጅቶች ሰነዱን በፍላሽ፣ በኢሜይል ወይም በድረ ገጽ ይሰጣሉ። የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶችም የኤሌክትሮኒክ መንግሥት ግዥ ሥርዓትን መጠቀም ጀምረዋል። ስለዚህ የወረቀቱና የቀለሙ ወጪ ወደ ተጫራቹ ኪስ ዞሯል። ከወጪው ጋር ግን የመምረጥ መብትም አብሮ መጥቷል። መብቱን የሚጠቀምበት ጥቂት ነው።

ወጪው ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት የወረቀቱንና የቀለሙን ነገር ማየት ይበቃል። አንድ ደስጣ ኤ4 ወረቀት 500 ቅጠል ይይዛል፤ ባለ 80 ግራም የሆነው ክብደቱ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ኤች ፒ ሌዘር ጄት ፒ1102 የተባለው አነስተኛ ማተሚያ የሚጠቀምበት 85ኤ ቶነር አምራቹ እንደሚለው 1,600 ገጽ ያትማል። ይህ ስሌት ግን ከገጹ 5 በመቶ ያህሉ ብቻ በቀለም ይሸፈናል በሚል የተሠራ ነው። ዓርማ፣ ፎቶግራፍና ጥቁር ሠንጠረዥ የበዛበት ሰነድ ቶነሩን ቶሎ ይጨርሳል። ቶነሩ ከውጭ አገር የሚመጣ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የማተሚያ ዋጋ ለምን ከፍ እንዳለ የሚጠይቅ ደንበኛ መልሱን እዚህ ያገኛል።

በመጀመሪያ ሰነዱን ማንበብ

መርጦ ለማተም መጀመሪያ መምረጥ መቻል ያስፈልጋል። ለመምረጥ ደግሞ ሰነዱን በስክሪን ላይ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ግድ ነው። የፌዴራል መንግሥት ግዥ መደበኛ የጨረታ ሰነድ የተሠራው በዘጠኝ ክፍሎች ነው፤ ብዙ የግል ድርጅቶችም ተመሳሳይ አከፋፈል ይከተላሉ።

ክፍል 1 የተጫራቾች መመሪያ
ክፍል 2 የጨረታ ዝርዝር መረጃ ሠንጠረዥ
ክፍል 3 የግምገማ ዘዴና መስፈርቶች
ክፍል 4 የጨረታ ቅጾች
ክፍል 5 ብቁ የሆኑ አገሮች
ክፍል 6 የፍላጎት መግለጫ
ክፍል 7 አጠቃላይ የውል ሁኔታዎች
ክፍል 8 ልዩ የውል ሁኔታዎች
ክፍል 9 የውል ቅጾች

ከእነዚህ ውስጥ ክፍል 1 እና ክፍል 7 ለአንድ ዓይነት ግዥ ከጨረታ ወደ ጨረታ የማይለወጡ መደበኛ ጽሑፎች ናቸው። ብዙውን ጊዜ ረጅሞቹም እነርሱ ናቸው። የዚህን ጨረታ ልዩ ጉዳይ የሚይዙት ክፍል 2 እና ክፍል 8 ናቸው። ክፍል 2 በክፍል 1 የተባለውን ለዚህ ጨረታ ያብራራል፣ ይጨምርበታል፣ ያሻሽለዋል። ክፍል 8 ደግሞ ክፍል 7ን እንዲሁ ያደርጋል፤ ሁለቱ የተጋጩ እንደሆነም የሚጸናው ልዩው ነው። ስለዚህ የመዝጊያው ቀንና ሰዓት፣ የጨረታ ማስከበሪያው መጠንና ዓይነት፣ የኮፒው ብዛት የሚገኘው በክፍል 2 ነው። የሚሞላው ቅጽ በክፍል 4፣ የዕቃው ዓይነትና መጠን በክፍል 6 ይገኛል።

ለምሳሌ ያህል 112 ገጽ ያለው ሰነድ አለ እንበል። ክፍል 2፣ 3 እና 4 ከገጽ 35 እስከ 66፣ ክፍል 6 ከ68 እስከ 77፣ ክፍል 8 ከ104 እስከ 108 ቢሆኑ፣ በወረቀት የሚያስፈልገው 32፣ 10 እና 5 ገጽ፣ በድምሩ 47 ገጽ ነው። አንዱን ገጽ በ5 ብር ብናስበው ሙሉው 560 ብር፣ የተመረጠው 235 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 325 ብር ነው። በወር ሦስትና አራት ጨረታ ለሚከታተል ድርጅት ይህ የሚናቅ ገንዘብ አይደለም።

ክፍል 1 እና ክፍል 7 አይታተሙ ማለት ግን አይነበቡ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ተጫራቹ ቅጹን ፈርሞ ሲያቀርብ ያነበበውንም ያላነበበውንም ተቀብሏል።

የገጽ ቁጥር ወጥመድ

ገጽ መርጦ በማተም ረገድ በተደጋጋሚ የሚያጋጥመው ስህተት የገጽ ቁጥር ነው። አንድ ሰነድ ሁለት ዓይነት ቁጥር ሊኖረው ይችላል። አንደኛው በወረቀቱ ላይ የታተመው ነው። ሁለተኛው ኮምፒዩተሩ ከመጀመሪያው ቅጠል ጀምሮ አንድ፣ ሁለት ብሎ የሚቆጥረው ነው። ሽፋንና ማውጫ አራት ገጽ ይዘው ቁጥር ካልተሰጣቸው፣ በወረቀቱ ላይ 35 የሚለው ለኮምፒዩተሩ 39 ይሆናል። «ከ35 እስከ 66» ብሎ ያዘዘ ደንበኛ ከፊት አራት የማይፈልጋቸውን ገጾች ያገኛል፤ ከኋላ ደግሞ አራት የሚፈልጋቸውን ገጾች ያጣል። የጠፉት የመጨረሻዎቹ የቅጽ ገጾች ከሆኑ ጉዳቱ ከባድ ነው።

የዚህ ዋናው ምሳሌ በየነጋዴው እጅ የሚገባው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው። የጋዜጣው የገጽ ቁጥር ከአንዱ አዋጅ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ስለሚቀጥል፣ በቅርብ ዓመታት በወጡት አዋጆች ላይ አምስት አሃዝ ያለው ቁጥር ይታያል። የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016ን አውርዶ ለሥራው የሚያስፈልጉትን አንቀጾች ብቻ ለማተም የፈለገ ነጋዴ በገጹ አናት ያየውን ቁጥር ቢሰጥ፣ ኮምፒዩተሩ «እንዲህ ያለ ገጽ የለም» ሊለው ይችላል። መፍትሔው ቀላል ስሌት ነው። ከሚፈልጉት ገጽ ቁጥር ላይ የአዋጁን የመጀመሪያ ገጽ ቁጥር ቀንሰው አንድ ይጨምሩ። ለምሳሌ አዋጁ የሚጀምረው በ15240 ቢሆንና የሚፈለገው ገጽ 15251 ቢሆን፣ ለኮምፒዩተሩ 12ኛው ገጽ ማለት ነው። ስሌቱን የማይወድ ሰው ገጹን በስክሪን ላይ ከፍቶ ከላይ ወይም ከጎን በሚታየው ሳጥን ውስጥ ስንተኛ ቅጠል እንደሆነ ያንብብ።

አሠራሩ በየዓይነቱ

1ኛ/ ፒዲኤፍ፦ ሰነዱን ከፍተው ኮንትሮልንና ፒን በአንድነት ይጫኑ። «ፔጅስ» በሚለው ሳጥን ውስጥ የሚፈልጉትን ገጾች ይጻፉ። ተከታታይ ገጾች በሰረዝ፣ የተለያዩት በነጠላ ሰረዝ ይለያሉ። ከላይ በሰጠነው ምሳሌ የሚጻፈው 35-66,68-77,104-108 ነው። ነጠላ ሰረዙ የላቲኑ እንጂ የእኛው «፣» መሆን የለበትም። ኪቦርዱ በአማርኛ እንደተከፈተ የሚጽፍ ሰው ማሽኑ አልታዘዝ ሲለው ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ከአንድ ገጽ ውስጥ ከፊሉን ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ በአክሮባት ሪደር «ቴክ ኤ ስናፕሾት» የሚባል መሣሪያ አለ። በእርሱ የሚፈለገውን ቦታ በማውዝ ከበው ፕሪንት ሲያዙ «ሴሌክትድ ግራፊክ» የሚለው ምርጫ ይመጣል። ነጋሪት ጋዜጣ በአንድ ገጽ ላይ በግራ አማርኛ በቀኝ እንግሊዝኛ ስለሚይዝ፣ የአማርኛውን ዓምድ ብቻ አጉልቶ ለማተም ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። ዓይናቸው ለደከመ አባቶችና እናቶች በተለይ ይጠቅማል።

2ኛ/ ወርድ፦ ጥቂት አንቀጾችን ብቻ ለማተም አንቀጾቹን በማውዝ መርጠው ፕሪንት ውስጥ ሲገቡ «ፕሪንት ኦል ፔጅስ» የሚለውን ወደ «ፕሪንት ሴሌክሽን» ይለውጡ። ወርድ ገጽን የሚቆጥረው ለሰነዱ በተሰጠው ቁጥር ነው። ሰነዱ በየክፍሉ እንደገና ከአንድ የሚጀምር ከሆነ «ገጽ 3» የሚባሉ ብዙ ገጾች ይኖራሉ። በዚህ ጊዜ በላቲን ፊደል ፒ ብለው የገጹን፣ ኤስ ብለው የክፍሉን ቁጥር ያያይዛሉ። የሁለተኛው ክፍል ሦስተኛ ገጽ ፒ3ኤስ2 ይሆናል። ኤስ4 ብቻ ከተጻፈ አራተኛው ክፍል በሙሉ ይታተማል። እዚህ ላይ ክፍል የተባለው ሰነዱን ያዘጋጀው ሰው በወርድ ውስጥ የከፈለው ክፍል ነው፤ ከጨረታ ሰነዱ ክፍል ጋር ላይገጥም ይችላል።

3ኛ/ ኤክሴል፦ የዋጋ ዝርዝር የሚዘጋጀው በዚህ ስለሆነ ጥንቃቄው እዚህ ላይ ይበዛል። ሣጥኖቹን መርጦ «ፕሪንት ሴሌክሽን» ማለት ይቻላል። ዘወትር ለሚታተም ሠንጠረዥ ግን «ፔጅ ሌይአውት» ውስጥ «ፕሪንት ኤሪያ» የሚባለውን አንዴ መወሰን ይሻላል። ውሳኔው ከፋይሉ ጋር ይቀመጣል። ችግሩም ይኸው መቀመጡ ነው። ባለፈው ጨረታ 20 መስመር የነበረው ዝርዝር ዘንድሮ 26 ቢሆንና ከበታች ስድስት መስመር ቢጨመርበት፣ ማሽኑ የሚያትመው በፊት የተወሰነውን ብቻ ነው። በመጨረሻ የተጨመሩት ዕቃዎች፣ ጠቅላላ ድምሩና 15 በመቶው ታክስ ሳይወጡ ይቀራሉ። ስለዚህ ከማተም በፊት «ክሊር ፕሪንት ኤሪያ» ብሎ አሮጌውን መሰረዝና እንደገና መወሰን ያስፈልጋል። የተደበቁ መስመሮችም አይታተሙም። ሠንጠረዡ ከአንድ ገጽ በላይ ከሆነ «ፕሪንት ታይትልስ» በሚለው ርዕሱ በየገጹ እንዲደገም ማድረግ ገምጋሚውን ከመደናገር ያድናል።

4ኛ/ ድረ ገጽ፦ የጨረታ ማስታወቂያ ከድረ ገጽ ላይ ሲታተም ሥዕሉና የሌላው ድርጅት ማስታወቂያ ሁሉ አብሮ ይወጣል። በክሮም ማስታወቂያውን ብቻ በማውዝ መርጠው ፕሪንት ሲያዙ፣ «ሞር ሴቲንግስ» ውስጥ «ሴሌክሽን ኦንሊ» የሚል ምልክት ማድረጊያ አለ። ስድስት ገጽ ይወጣ የነበረው በአንድ ገጽ ሊያልቅ ይችላል።

5ኛ/ የእጅ ስልክ፦ በአንድሮይድ ስልክ ሰነዱን ከፍተው ፕሪንት ሲሉ፣ ማተሚያ ባይኖርም «ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ» የሚል ምርጫ ይሰጣል። እዚያው ላይ ገጾቹን ከመረጡ የተመረጡትን ብቻ የያዘ አዲስ ፒዲኤፍ ያገኛሉ። ለማተሚያ ቤቱ የሚልኩት ይህንን ነው። ልጅቷ ገጽ ስትቆጥር መሳሳቷ፣ እርስዎም ቆመው ማስረዳትዎ ይቀራል። በኮምፒዩተርም «ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» በሚባለው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ አብሮ የመጣ ነው።

የፊደል ነገር

አማርኛ ሰነድ በወርድ ሲላክ የራሱ ችግር አለው። ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን በመሳሰሉ የቀድሞ ፊደሎች የተጻፈ ሰነድ ፊደሉ ባልተጫነበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም ብዙ መሥሪያ ቤቶች አሮጌውን አልተዉም። ፊደሉ ቢታይ እንኳን በሌላ ፊደል ከተተካ የመስመሩ ርዝመት ይለወጣል፤ በቢሮዎ ገጽ 12 ላይ የነበረው ሠንጠረዥ በሱቁ ኮምፒዩተር ገጽ 13 ላይ ይገኛል። ገጽ ቆጥሮ ላዘዘ ሰው ይህ ከባድ ነው። መድኃኒቱ ሰነዱን በተጻፈበት ኮምፒዩተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ ለውጦ መላክ ነው።

ምሥጢርም ገንዘብ ነው

መርጦ የመላክ ሌላው ጥቅም ምሥጢር መጠበቅ ነው። በፍላሽ የተገለበጠ ወይም በቴሌግራም የተላከ ፋይል በሱቁ ኮምፒዩተር «ዳውንሎድስ» ውስጥ ሊቀር ይችላል። የዋጋ ማቅረቢያዎ በታሸገ ፖስታ የሚገባ ምሥጢር ሲሆን፣ በአንድ ሰፈር የሚሠራ ተወዳዳሪዎ በዚያው ሱቅ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ከእርስዎ በኋላ ይቀመጣል። ሙሉውን የዋጋ ትንተና መላክ አያስፈልግም። የሚታተመውን ገጽ ብቻ ይላኩ፤ ከታተመ በኋላም እንዲጠፋ ይጠይቁ፤ ከ«ሪሳይክል ቢን»ም መውጣቱን በዓይንዎ ይዩ። በሱቁ ኮምፒዩተር የራስዎን ቴሌግራም ወይም ኢሜይል ከፍተው ከነበረ ሳይዘጉ አይውጡ። ከተቻለ ደግሞ ቅጹን ባዶውን አትሞ ዋጋውን በቢሮ ውስጥ በእጅ መሙላት ከሁሉ ይሻላል፤ ሰነዱ በታይፕ ይሞላ ካላለ በስተቀር።

ሙሉው የሚታተምበት ጊዜ

መርጦ ማተም የማይገባባቸው ሰነዶች አሉ። የሚፈረም ውል ከነአባሪዎቹ በሙሉ መታተም አለበት፤ በየገጹም ሊፈረምበት ይገባል። የኦዲት ሪፖርት ከመሐሉ ገጽ ሲጎድል ተአማኒነቱን ያጣል። የጨረታ ሰነዱ «እያንዳንዱ ገጽ ማኅተም ተደርጎበት ይመለስ» የሚል ከሆነም ምርጫ የለም። ይህም ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በክፍል 1 ወይም በክፍል 2 ውስጥ ነው። ሳያነብ የመረጠ ሰው ይህንን አያውቅም።

በሁለት ፊት ስለማተምም አንድ ነገር እንጨምር። ለንባብ የሚሆነውን ክፍል በወረቀቱ ግራና ቀኝ ማሳተም ወረቀቱን በግማሽ ይቀንሳል። የሚሞላና የሚፈረም ቅጽ ግን በአንድ ፊት ብቻ ይታተም። ገጾች ተመርጠው ሲታተሙ የቴክኒክ ቅጽ ጀርባ ላይ የዋጋ ቅጽ ሊወጣ ይችላል። ሁለቱ በተለያየ ፖስታ እንዲገቡ በተጠየቀበት ጨረታ ይህ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

ከሱቁ ከመውጣት በፊት

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። ከመታተሙ በፊት በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቅድመ ዕይታ ይመልከቱ፤ ከታች የሚታየው የቅጠል ብዛት ከእርስዎ ቆጠራ ጋር ይግጠም። በመጀመሪያ አንድ ገጽ ብቻ አሳትመው ፊደሉንና ዳርቻውን ይዩ። ከታተመ በኋላ የእያንዳንዱን ምድብ የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጽ ከስክሪኑ ጋር ያስተያዩ፤ በመሐል የተቆረጠ ሠንጠረዥ ካለ የሚታወቀው በእነዚህ ገጾች ነው። ቅጾቹን በሰነዱ ማውጫ ላይ አንድ በአንድ ምልክት ያድርጉ።

ለሱቁ የሚሰጠውም ትእዛዝ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን። በቁራጭ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ይበቃል፦ የፋይሉ ስም፣ በኮምፒዩተሩ አቆጣጠር የሚታተሙት ገጾች፣ በአንድ ፊት ወይም በሁለት ፊት መሆኑና የኮፒው ብዛት። ይህችን ወረቀት የያዘ ደንበኛ ጨረታው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረውም ቢሆን ምን እንዳሳተመ ያውቃል። የሚከፍለውም ለሚጠቀምበት ገጽ ብቻ ይሆናል።